ሐዲድና ክር

ጥር ነው ዊኒፔግ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፣
መኪናው እንደ ስልክ ሶኬት ተሰክቶ የሚያድርበት።
ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ እኔ ላቦራቶሪ ስገባ፣
ይልቃል ከፉርጎ ግቢ ይወጣል፣ ጺሙ በረዶ እንዳበባ።
በር ላይ እንተላለፋለን፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ካፖርት፣
አንዱ የሌላውን ሙቀት ለብሶ የሚሄድበት።
የኔ እንጀራ ማጣመር ነው፣ የሱ እንጀራ መለያየት።

ማይክሮስኮፑ ሥር የተበተነ ክር አለ፣
እንደ ረገፈ የማበጠሪያ ጥርስ ካንድ ጥግ ጥግ የዋለ።
አንዱን አንስቼ ካቻው፣ ከናት የመጣውን ካባት፣
በቁመቱ፣ በወገቡ፣ በጥቁርና ነጭ መቀነት
እያስተያየሁ አቆማለሁ። ሃያ ሦስት ጥንድ ክሮሞዞም፤
የሠርግ ፎቶ ይመስላል፣ ግን ፈገግ የሚል የለም።

ማሪቴስ ከጎኔ ሆና በናቷ ቋንቋ ትቆጥራለች።
ልክ ሲሆን ዝም ትላለች።
ሲተርፍ ብዕሯን ታስቀምጣለች።
ዛሬ አስቀመጠች።
ሃያ አንደኛው ረድፍ ላይ ሦስት፤
ትንንሾች፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣
የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስል፣
ጥፋት ያለ ሳይመስላቸው።

ማታ ለይልቃል ነገርኩት። ስሟን አላውቅም፤ ቁጥሯንና ዕድሜዋን ነው።
ጓንቱን ከማሞቂያው እያነሳ፣ «ታዲያ ማነው ያጠፋው?»
«ማንም።»
«እኛ ግቢ ፉርጎ ሲሳሳት የሚፈርም ሰው አለ።»

እንቁላሏ የተጀመረችው፣ አልኩት፣ ሴትዮዋ እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች ነው።
ጥንዶቹ ያኔ ተፈላልገው፣ ተገናኝተው፣ ተቃቅፈው፣
ካንዱ ቅንድብ፣ ካንዱ ሳቅ፣ ቁራሽ ቁራሽ ተለዋውጠው፣
ሊለያዩ ሲሉ «ቆዩ» ተባሉ።
ቆዩ።
ሴትዮዋ ተወለደች፣ ጥርስ አወጣች፤ ቆዩ።
ማባዛት ተማረች፣ ኪራይ ከፈለች፣ ተጣላች፣ ታረቀች፤ ቆዩ።
አርባ ሊሞላት ጥቂት ሲቀር፣ ባንዱ ወር፣
ላንዷ እንቁላል ብቻ፣ «አሁን» ተባለ።

ገመድ ከወዲህ፣ ገመድ ከወዲያ፤
ሁለቱም ወገን ካልሳበ ማንም እንዳይለቅ ነው ሕጉ፤
ምስክሩ ውጥረቱ ነው፣ ሲላላ ገና ናቸው፣ ይጠብቁ።
ማን ወደ ግራ፣ ማን ወደ ቀኝ? ይህ የዕጣ ነገር ነው፤
ስምንት ሚሊዮን ዓይነት ክፍፍል፤ ያው ተመልሶ ቢመጣ ጉድ ነው።

«ግን ሙጫም ያረጃል» አልኩት። «አርባ ዓመት መያዝ፣ እጅ ይዝላል።
አንዱ ጥንድ ሳይጠሩት ይላላና ገመዱ ይምታታበታል።
ሁለቱም ባንድ በኩል ይሄዳሉ።»

ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።
«እኛም ጋ» አለ፣ «ብርዱ የነከሰው ፒን አንዳንዴ አልነቀል ይላል፤
ሁለት ፉርጎ ተያይዞ ባንድ ሐዲድ ይንሸራተታል።
ለቫንኩቨር የተባለው ስንዴ ተንደር ቤይ ይገኛል።
ስንዴነቱን ግን አይተውም።»

ትክ ብዬ አየሁት።
ሻዩን ጨርሶ ቦት ጫማውን ፍለጋ ሄደ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማክሰኞ ዕለት መርፌው ገብቶ
ትንሽ ገለባ የመሰለ ውሃ ወሰደ፤ ቁጥር ተለጥፎበት ሄደ።
የራስን ማንበብ ክልክል ነው። የምታየው ማሪቴስ ናት።
በቀኑ እሷ ትቆጥራለች፤
እኔ ከጎኗ የሌላ ሰው ክር እያጣመርኩ
ብዕሯን አዳምጣለሁ።

ስም ግን መርጠናል። ቁጥሩን አልጠበቅንም።

ሌሊት ከግቢው ድምፅ ይመጣል፣ ፉርጎ ከፉርጎ ሲጋጠም፤
ጓ! ከዚያ ረጅም ዝምታ፤
ከዚያ የማይሰማው፣ ይልቃል ፒኑን ሲነቅል፣
እጁን ሆዴ ላይ ሲያኖር እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ።